ማንም አልሞተም

ሰው ያለ ምክንያት ደግ ሲሆንብኝ መጀመሪያ የማስበው «ማን ሞተ?» ብዬ ነው። ይህን አመል ከአገሬ ይዤው ነው የመጣሁት። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ አንድ ጠዋት አጎቴን ዶርም በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አጎቴ በቆንቋናነቱ አገር ያወቀው ሰው ነው፤ ሻይ ሲጋብዝ እንኳ ስኳሩን ራሱ ነው የሚጨምረው። የዚያን ቀን ግን ጥብስ አዘዘልኝ። ስጨርስ ሌላ አስጨመረልኝ። «አባትሽን ትንሽ አሞት ነበርና አይተነው እንምጣ» አለኝ። ሆሳዕና እስክንደርስ ድረስ ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም። ሰፈራችን ስንደርስ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሏል።

የእኛ መርዶ እንዲህ ነው። አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ የሞተባት ሴት ብቻ አታውቅም። መጀመሪያ ያበሏታል፤ ከሰማች በኋላ እህል በጉሮሮዋ ስለማይወርድ ነው። ቀጥሎ ብቻዋን መንገድ እንዳትሄድ ያደርጋሉ። ከዚያ በማለዳ ተሰብስበው ይመጡና ይነግሯታል። ሁሉም በፍቅር የሚደረግ ነው፣ አልካድኩም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያላዘዝኩት ጥብስ ፊቴ ሲቀርብ ቤተሰቤን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚባለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ይለዋል፤ እኔ እኖርበታለሁ።

አሁን የምኖረው ባሕር ማዶ፣ ቡሪየን የምትባል ከተማ ነው፣ ከሴት ልጄ ጋር። ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ሲታክ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል አጸዳለሁ። ጴንጤ ነኝ፤ እሁድ እሁድ ቢከን ሂል ሰፈር ያለችው የአበሻ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። ልጄ ከመስታወት ፊት ስለማትነሳ ሁልጊዜ የምንደርሰው መዝሙሩ ከተጋመሰ በኋላ ነው። መኪናዬንም ያገኘሁት ቀዳዳ ውስጥ ወሽቄያት እሮጣለሁ።

ያን ጊዜ እናቴ ታማ ነበር። ደም ግፊቷ ተነስቶ አንድ ጎኗን አስንፏት፣ ሆሳዕና ወንድሜ ቤት ተኝታለች። ስልኩ የወንድሜ ነው፤ እሱ ካላነሳ እናቴን የማገኝበት ሌላ መንገድ የለኝም። አንድ ሳምንት ላይ ስልኩ እምቢ አለ። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት እደውላለሁ፣ ማታ ራት እየሠራሁ እደውላለሁ፤ የምትመልስልኝ ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል የምትናገረው ሴትዮ ብቻ ናት። መብራት ጠፍቶ ነው፣ ኔትወርክ ተበላሽቶ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። የምጽናና ሰው ግን አይደለሁም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እትዬና ጋሼ ቆመዋል።

እትዬ የምላቸው በቤተ ክርስቲያናችን ያሉ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚሆን ሴት ናቸው። ጋሼ ባለቤታቸው ናቸው፤ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ። እስከዚያች ቀን ድረስ የእኛ ትውውቅ ከበር ላይ ሰላምታ አልፎ አያውቅም። እሳቸው «ጌታ ይባርክሽ» ይሉኛል፣ እኔ «አሜን» እላለሁ፣ አለቀ። ቤቴን ማን እንዳሳያቸው እንኳ አላውቅም።

«ሶ፣ ቁርስ በልተሻል?» አሉኝ እትዬ፣ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ።

«በልቻለሁ» አልኩ። አልበላሁም።

«ግዴለም፣ ትንሽ ቅመሺ።» የያዙትን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ፎይሉን ገለጡት። ጥብስ ነው። ገና ይጨሳል።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ በደህና ነው?» አልኳቸው።

«በደህና ነው። ምነው፣ ሰው ሰው ቤት አይመጣም?» አሉና ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ፎቶ አዩ። «እናትሽ ናቸው? እንዴት ናቸው?»

መርዶ ይዞ የመጣ ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ምን ያህል እንደምታውቂ ይለካል። «ደህና ናት» አልኩና ዓይናቸውን ተከታተልኩ። ዓይናቸውን ከፎቶው ላይ ቶሎ አነሱት።

ጋሼ ደግሞ እንደቆሙ እጃቸውን ዘረጉ። «የመኪናሽን ቁልፍ ስጪኝ» አሉ።

«ለምን?»

«ዛሬ አትንጂ። ሥራ እኔ ድሮፕ አደርግሻለሁ።»

አበሉኝ፣ አሁን ደግሞ ብቻዬን መንገድ ላይ እንዳልሆን ሊያደርጉ ነው። ቁልፉን ሰጠኋቸው። ታክሲው ውስጥ ጋሼ ሬዲዮኑን ዘጉት። ዓይናቸው በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከዓይኔ ጋር ተጋጨና ሁለቴም ሸሸ። «ጋሼ፣ ከአገር ቤት የሰሙት ነገር አለ?» ብዬ በቀጥታ ጠየቅኋቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉ ሰላም ነው» አሉ። ይኼ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አበሻ ያውቃል። ሰላም የሆነ ሰው «ኦኬ ነው» ብሎ ያልፋል።

ከሥራ ስመለስ መኪናዬ በሬ ላይ ቆማለች፣ አራቱም ጎማዎቿ አዲስ። ሰው ለምን ጎማ ይቀይርልኛል? ለለቅሶ ወዲያ ወዲህ ስል እንዳልገለበጥ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጥብሱን ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት፤ አልነካሁትም።

ለልጄ ስነግራት ከስልኳ ቀና ሳትል «ማም፣ ሜቢ ዘይ ጀስት ላይክ ዩ» አለችኝ።

ወደውኝ! ከሁሉም የማይታመን ይኼ ነበር።

በማግስቱ እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስገባ በር ላይ ሁለት ሴቶች ያወሩ ነበር። ስደርስ ዝም አሉ። አንደኛዋ ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ሌላዋ ጫማዋን አየች። እነዚህም ያውቃሉ ማለት ነው። ፓስተሩ የዚያን ቀን የሰበከው ስለ ጸጋ ነበር፤ ሳይገባን፣ ሳንሠራለት ስለተሰጠን ነገር። ከጉባኤው ጋር አሜን አልኩ። እኔ ከሰማይ በነፃ የመጣ ነገር ሲባል አሜን ለማለት ችግር የለብኝም፤ ከቢከን ሂል በነፃ የመጣ ጎማ ነው የከበደኝ።

ከስብሰባው በኋላ እትዬ በሰው መሃል ተሹለክልከው መጡና ክንዴን ያዙኝ። «ነገ ኦፍ ነሽ አይደል? እንመጣለን። በጠዋት ነው የምንመጣው፣ የትም እንዳትሄጂ።»

በጠዋት! እስካሁን የሰበሰብኩት ማስረጃ በቃኝ። እናቴ ሞታለች። ወንድሜ ስልኩን የዘጋው ሊነግረኝ ስላልቻለ ነው፤ ለእነሱ ነግሯቸዋል፤ እነሱ ደግሞ እያበሉ፣ እያመላለሱ፣ ለማለዳው እያዘጋጁኝ ነው። ቤቴ ገብቼ ጥቁር ቀሚሴን አወጣሁ። አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ። የራሴን እናት ሞት ለመስማት የሰው ፈቃድና የሰው ሰዓት እስከ መቼ እጠብቃለሁ? አባቴን ጥብስ እየበላሁ ነው ያጣሁት። እናቴን እንዲያ አላደርጋትም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና በአዲሶቹ ጎማዎች እየነዳሁ ቤታቸው ሄድኩ።

በሩን የከፈቱት እትዬ ናቸው። ሰላም አላልኳቸውም። ሶፋውን አልፌ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩና «እሺ፣ መጥቻለሁ» አልኩ።

እትዬ ጥቁሩን አዩ፣ ነጠላውን አዩ፣ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ወይኔ! ወይኔ ልጄ!» ብለው አጠገቤ ወደቁ።

ይኸው! ሌላ ምን ማረጋገጫ ያስፈልገኛል? «እናቴን!» ብዬ ጮህኩ። «እናቷን! እናቷን!» አሉ እሳቸውም። ተቃቅፈን አነባን። ጋሼ ኩባያ እንደያዙ ከኩሽና ወጡ፣ አዩን፣ ኩባያውን መሬት አስቀምጠው ፊታቸውን በጃኬታቸው ሸፈኑ። ለቅሶው ደህና አድርጎ ሞቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጋሼ አፍንጫቸውን ጠረጉና በቀስታ «መቼ ነው ያረፉት?» አሉኝ።

«እሱን ልጠይቃችሁ አይደል እንዴ የመጣሁት!»

«እኛን?» አሉ እትዬ፣ እንባቸው አገጫቸው ላይ እንደተንጠለጠለ። «እኛ በምን እናውቃለን?»

«እና ምን ያስለቅሳችኋል?»

«አንቺ ጥቁር ለብሰሽ መጥተሽ ምን እናድርግ?»

«እኔ ጥቁር የለበስኩት ጥብስ ስላመጣችሁብኝ ነው!»

ጋሼ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፣ ለካስ ሳቅ ነው። እትዬም አልቻሉም፤ ነጠላዬን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እናቴ ካልሞተች እነዚህ ሰዎች ከእኔ የሚፈልጉት ነገር አለ ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነው። «እንግዲያው ምን ፈልጋችሁ ነው?» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። «ንገራት እንግዲህ» አሉ እትዬ። «ካልነገርናት ገድላ ልትቀብራቸው ነው።»

ጋሼ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ በጀመረ ሰሞን ከኤርፖርት ሲመለሱ ሃይዌይ ላይ ጎማቸው ፈነዳ። መኪናው ዞረ፣ እንደገና ዞረ፣ ፊቱን ወደሚመጣው መኪና ሁሉ አዙሮ ዳር ላይ ቆመ። ተሳፋሪ አልነበራቸውም። ማንም አልነካቸውም። መሪውን እንደጨበጡ ፖሊስ እስኪመጣ ተቀምጠው ነበር። «አንድ ጭረት የለብኝም» አሉ እጃቸውን ገልብጠው እያሳዩኝ። «ምን ስላደረግኩ ነው? ምንም። የዚያን ዕለት ጠዋት እንኳ አልጸለይኩም፣ ቸኩዬ ነበር።»

«ምነው አልመሰከሩም ታዲያ?» አልኳቸው። በእኛ ቤት ሰው ከጉንፋን ሲድን እንኳ መድረክ ወጥቶ ይመሰክራል።

«ብመሰክር ይጨበጨባል። ጌታ ጋሼን ይወዳቸዋል ይባላል። በቃ፣ እዚያው ያልቃል።» ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሳንለምን ነው የተሰጠን» አሉ እትዬ። «ሶ፣ እኛም ላልለመነን ሰው እናድርግ ተባባልን። ማንም ሳያውቅ። ቀኝ ሲሰጥ ግራው ካወቀ ወሬ ይሆናል። አንቺ ደግሞ ዓይንሽን እያፈጠጥሽ ስትጠይቂን ጊዜ፣ እንዴት እንደምንደብቅ ጠፋን እንጂ።»

ዓይናቸውን ያሸሹት ለዚህ ነበር። የሚሰጥና የሚያረዳ ሰው ዓይን እንዲህ እንደሚመሳሰል ማን ነግሮኝ ያውቃል?

«ለምን እኔን?» አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር ጠብቄ ነበር። ልጄን ብቻዬን ማሳደጌን፣ ወይም ጠባዬን፣ ወይም በመዝሙር ላይ የማሳየውን ትጋት ያነሳሉ ብዬ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እውነቱን ልንገርሽ? ይህን በተባባልን እሁድ አጠገባችን ፓርክ ያደረግሽው አንቺ ነሽ።»

«ያውም አጣመሽ» አሉ እትዬ።

አጣምሜ ስላቆምኩባቸው ጋሼ በራሳቸው በር መግባት አልቻሉም። በእትዬ በኩል ሊገቡ በመኪናዬ ዙሪያ ሲዞሩ ቁልፋቸው ወደቀ፤ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ጎማዬን አዩት። «እንቁላል ነው የሚመስለው፣ ጥርሱ አልቋል» አሉ። «ይቺን ሴት ካላዳንኳት ብዬ አይደለም። ተናድጄብሽ ነበር እንዲያውም። ግን ያ ጎማ የእኔው ጎማ መሰለኝ።» ነገ በጠዋት የሚመጡትም ሥራ ከመግባታቸው በፊት ፍሬኔን ሊያዩልኝ ኖሯል። በር ላይ ዝም ያሉት ሴቶች ደግሞ፣ እትዬ እንደነገሩኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የሚያሙት የመኪና አቋቋሜን ነው።

በጣም ነው የከፋኝ። ለጥሩነቴ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ለችግሬ ቢሆንም ይገባኝ ነበር። አጣምሜ ስላቆምኩ የሚሰጠኝን ስጦታ ግን ምን አድርጌ ልያዘው? ይህንኑ ስነግራቸው ጋሼ አልሳቁም። «እኔስ ለምን ተረፍኩ?» አሉ። «ጠይቄ ጠይቄ መልስ አጥቻለሁ።»

ራት ካልበላሽ አትሄጂም ተባልኩ። ማዕድ ላይ እያለን፣ አገር ቤት በሚነጋበት ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላወቅኩትም። ወንድሜ ነው። ስልኩ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ወድቆበት አዲስ እስኪገዛ ነው የጠፋው። ስሰድበው፣ ሳለቅስ፣ የሆነውን ሁሉ ስነግረው ለእናቴ አቀበላት። አፏ ትንሽ ቢተሳሰርም ምላሷ ያው ነው።

«አለቀስሽልኝ አሉ?» አለች።

«አለቀስኩልሽ።»

«ለቅሶው ደመቀ? ሰው መጣ?»

«ሁለት ሰው።»

«አይ፣ ለሰው አገር በቂ ነው» አለችና ሳቀች። እትዬ ስልኩን ተቀብለው ተሳሳቁ፣ ተመራረቁ። በመጨረሻ ወንድሜ የጋሼን ቁጥር ጠየቀ። «ለክፉም ለደጉም» አለ። ለደጉ እኔ ጋ እንደሚደውል አውቃለሁ። ለምን እንደፈለገው ስለገባኝ የጠቀለልኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ስልኩ ሲዘጋ «እትዬ፣ ያ ቀን ሲመጣ ምግብ እንዳያመጡብኝ» አልኳቸው። «በሬ ላይ እንደቆሙ ይንገሩኝ።»

«ባዶ ሆድሽን?»

«ባዶ ሆዴን።»

«ይኼማ ጭካኔ ነው፣ ልጄ። ሰው እንዲህ አይደረግም።»

«እንዲህ ካላደረጉልኝ ከእጅዎ የመጣ ምግብ ዕድሜዬን ሙሉ በሰላም አልበላም።» እትዬ ጋሼን አዩ፤ ጋሼ ሳህናቸውን አዩ። በስንት መከራ መዳፌን መትተው ቃል ገቡልኝ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ወደ እኔ ቤት ሲመጡ ሁልጊዜ አስቀድመው ኮል ያደርጋሉ። ሰላምታቸውም ተቀየረ፦ «ማንም አልሞተም፣ ቆጮ ይዤ ልመጣ ነው።» «ማንም አልሞተም፣ ጎመን ተርፎኛል።» በላሁ። መጠርጠሬን ግን አልተውኩም። ለዘመዳቸው ልጅ ልጄን ሊጠይቁ ይሆን እያልኩ ወራት ጠበቅኩ። ምንም አልጠየቁም። ዕዳ እንዳይሆንብኝ ዶሮ ሠርቼ ብወስድላቸው እትዬ በር ላይ መለሱኝ። «ለእኛ ከመለስሽውማ ንግድ ሆነ። ለሌላ ሰው ስጪው።»

ዶሮውን ይዤ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ለማን እንደምሰጠው አላውቅም ነበር። ለካስ እኔ በዚህ አገር የምሰጠውን ሰው እንኳ ፈልጌ አላውቅም። የዚያን ጊዜ ልጄና እኔ በላነው። በኋላ ግን ከበላያችን ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ከስልጤ የመጣች አንዲት ሙስሊም ወጣት መውለዷን ሰማሁና ገንፎ ሠርቼ ወጣሁ። በሩን በትንሹ ከፍታ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «ምን ተፈጥሮ ነው?» አለችኝ። «ማንም አልሞተም» አልኳት። ገንፎውን ተቀብላ በማንኪያ ሦስቴ አገላበጠችው። ስንጥሩን እየፈለገች መሆኑ ገባኝ፣ ወደድኳትም።

የዝናቡ ወራት ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስልክ አልተደወለልኝም ነበር። በበሩ ቀዳዳ አየሁ። እትዬና ጋሼ ናቸው። ጋሼ ዝናብ እየመታቸው ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። የእትዬን እጅ ፈለግኩ። ሳህን የለም፣ ፎይል የለም፣ ፌስታል የለም። ሁለት እጃቸው ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ የት እንደሚያደርጓቸው የጠፋቸው ይመስሉ ነበር።

በሩን ከፈትኩ። እትዬ «ማንም አልሞተም» እስኪሉኝ ጠበቅኩ። የቤታቸውን ድስት ሁሉ ይዘው ቢመጡ ይቀላቸው እንደነበር ከፊታቸው አነበብኩ።

«እናትሽ አርፈዋል፣ ልጄ» አሉኝ፣ በሬ ላይ እንደቆሙ። ቁርስ በልቼ እንደሆነ አልጠየቁኝም።